ማርያም የሳመችው የሽፋሽፍት ቀለም አይመጥም

ሰሞኑን ስለ ነጭ ሽፋሽፍት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከችልኝ አብራኝ የሠራች ነርስ ናት። ከሥሩ «እባክሽ ለዚህ መልስ ጻፊበት» ብላለች። አነበብኩት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለሰው አዝነው እንደጻፉ ይገባኛል። አማርኛቸውም ያምራል። ግን መሐሉ ላይ ዓይን የሚያጠፋ ምክር አለ። እሱን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማን ሆነሽ ነው ለምትሉኝ፣ ጎጃም ውስጥ ለዓመታት በዓይን ነርስነት ሠርቻለሁ። ከደጀን እስከ ሞጣ፣ ከቢቸና እስከ ፍኖተ ሰላም ብዙ ዓይን አይቻለሁ። ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ አጥፎባቸው የሚሠቃዩ እናቶችን ለቀዶ ጥገና ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት። ሽፋሽፍት የዕለት ሥራዬ ነው።

የጽሑፉ ነጥቦች ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ሽፋሽፍት የሚነጣው አጠገቡ ያለ ማርያም የሳመችው ቀለሙን ስለሚመጠው ነው ይላሉ። ስለዚህ በፈረስ ጭራ አስሮ ወይም በቅንጭብ ወተት አቃጥሎ ማጥፋት ነው ይላሉ። በዚህ ካልተመለሰ ለምጽ ነው፤ ለምጽ ደግሞ በኩልና በፎጣ ይተላለፋል ይላሉ። ለዚህም ኦሪት ዘሌዋውያንን ይጠቅሳሉ። ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር ስለማይዘው ሐኪም ቤት መሄድ ብር ማባከን ነው ይላሉ። ነጩን መንቀል ወይም በጠጉር ቀለም ማጥቆር ይበቃል ይላሉ። መጨረሻ ላይ ጭንቀትንና የቫይታሚን እጥረትንም ያነሣሉ።

አንድ ነገር ግን በትክክል አይተዋል። ማርያም የሳመችውና የሽፋሽፍት መንጣት ዝምድና አላቸው። ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም። እሳቸው አስተውለዋል። የተሳሳቱት ዝምድናው ምን ዓይነት እንደሆነ ላይ ነው። ስሕተቱ እዚያ ስለጀመረ የቀረው ምክር ሁሉ ተከትሎ ተበላሸ።

አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። አያቷ ከገጠር ይዘዋት መጡ። አሮጊቷ እጃቸው ላይ ወረንጦ ነበር። ጎጃም ያደገ ሰው ወረንጦን ያውቃታል፤ እሾህም ሽፋሽፍትም የሚነቀልባት ናት፤ እናቶቻችን በአንገታቸው ክር ላይ አንጠልጥለዋት ይዞራሉ። እሳቸው ራሳቸው ሁለቱም ዓይናቸው ላይ የትራኮማ ቀዶ ጥገና ተሠርቶላቸዋል።

«ሲስተርዬ፣ እኔን የበላኝ ጠጉር ልጄንም ሊበላት ነው መሰለኝ» አሉኝ። «እነቅለዋለሁ፤ ተመልሶ ነጭ ሆኖ ይበቅላል።»

«እስኪ ልየው እማማ» አልኳቸው።

ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ አልታጠፈም። ዓይኗን አይነካም። በግራ ዓይኗ የላይኛው ሽፋን ላይ ዐሥር ያህሉ ብቻ እንደ ጥጥ ነጥተዋል። የቀሩት ጥቁር ናቸው። ከነጮቹ ሥር የሽፋኑ ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ማርያም የሳመቻት ምልክት አለች። ዙሪያዋን ነጭ ቀለበት ከቧታል። ጀርባዋን ሳይ እዚያም ሁለት አገኘሁ፤ እንደዚያው ነጭ ቀለበት ያላቸው። የጀርባዋን አያቷም አላዩትም፤ ልጅቷም አታውቀውም።

ይህ ነገር የታወቀ ነው። ነጭ ቀለበት ያወጣ ማርያም የሳመችው በሕክምና ሃሎ ኔቨስ ይባላል። ሪቻርድ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም በ1916 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው የሳተን ኔቨስም ይሉታል። በብዛት የሚታየው በልጆችና በወጣቶች ላይ ነው፤ ጀርባ ደግሞ የሚወደው ቦታ ነው። የሽፋሽፍቱ መንጣት ፖሊዮሲስ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ፤ ልጆች ከሚከተቡለት ከፖሊዮ ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱም ስሞች ግራጫ ከሚል የግሪክ ቃል ስለመጡ ነው የሚመሳሰሉት።

አሁን ወደ «መምጠጥ» ልምጣ። ጠጉራችንም ቆዳችንም ቀለም የሚያገኙት ሜላኖሳይት ከሚባሉ ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች ሜላኒን የሚባለውን ጥቁር ቀለም ይሠራሉ። ማርያም የሳመችው ማለት ደግሞ የእነዚሁ ሴሎች ዘመዶች አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው የሠሩት ጎጆ ነው። በሽፋሽፍት ሥር ያሉትም፣ ማርያም የሳመችው ውስጥ ያሉትም ፅንስ ላይ ከአንድ ቦታ የተነሡ ናቸው። የአንድ ቤት ልጆች በሏቸው።

አንዳንዴ የሰውነታችን መከላከያ ይህን ጎጆ እንደ ባዕድ ያየዋል። ለምን ያን ጊዜ እንደሚነሣበት ሁሌ አይታወቅም። ቲ ሴል የሚባሉት ተዋጊዎች ይመጡና ጎጆውን ከውጭ ወደ ውስጥ ማፍረስ ይጀምራሉ። ነጩ ቀለበት የዚያ ዘመቻ ምልክት ነው። ግን ተዋጊዎቹ የሚለዩት በሴሉ ላይ ባለ መለያ ነው፤ ያ መለያ በጎረቤቱ በሽፋሽፍት ሥር ባሉት ሴሎች ላይም አለ። ክረምት ላይ ጤፍ ያረመ ሰው ይህ ይገባዋል። አንዳንዱ አረም ገና ቡቃያ ሳለ ከጤፉ አይለይም። እጅ ሲፈጥን ጤፉም አብሮ ይነቀላል። የሽፋሽፍቱ ቀለም የሄደው እንደዚያ ነው። ማርያም የሳመችው ምንም አልመጠጠም። ራሱም እየተመታ ነው።

ጸሐፊው ይህን በራሳቸው ዓይን ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ማርያም የሳመችው ቀለም የሚመጥ ቢሆን ከላዩ የሚበቅል ጠጉር ሁሉ ነጭ በሆነ ነበር። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጉንጭ ወይም አገጭ ላይ ካለ ማርያም የሳመችው የሚወጣ ጠጉር ብዙ ጊዜ ከሌላው ይልቅ ጥቁርና ወፍራም ነው። ይህን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደግሞም መጦ ቢሆን ኖሮ እየጠቆረ በሄደ ነበር። የልጅቷ ግን ከሽፋሽፍቷ ጋር አብራ እየፈዘዘች ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ እሱ ነው። ሜላኖማ ለሚባለው ከእነዚሁ ሴሎች ለሚነሣ ካንሰር ዛሬ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ከእነሱ መሐል ናቸው። መድኃኒቱ ሲሠራ አንዳንድ ታካሚ ቆዳው በየቦታው ይነጣል፤ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱም ይነጣል። ሐኪሞች ይህን ሲያዩ አይከፉም። መከላከያው ካንሰሩን እየተዋጋ የመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላልና። ካንሰሩን የሚመታው ጦር ሽፋሽፍቱንም መታው ማለት ነው። ማርያም የሳመችውንና ሽፋሽፍትን የሚያዛምደው ይኸው ጦር ነው።

እንግዲህ የፈረስ ጭራውንና ቅንጭቡን እንመልከት።

ነጭ ቀለበት ያወጣው ማርያም የሳመችው ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠፋል። ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ዓመታት። ነጩም ቆዳ ቀስ እያለ ቀለሙን ሊመልስ ይችላል። ማርያም የሳመችውን ቀድሞ ማጥፋቱ የሽፋሽፍቱን ቀለም ይመልሳል የሚል ዋስትና የለም። ሽፋሽፍት ቀለሙን የሚያገኘው ገና ሥሩ ላይ ሳለ ነው። ነጭ ሆኖ የወጣ ሽፋሽፍት መልሶ አይጠቁርም። ሥሩ ውስጥ ቀለም ሠሪው ሴል ተርፎ ከሆነ ቀጥሎ የሚበቅለው ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ካልተረፈ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የልጅቷ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሳያት ምልክቷ ሐምራዊ ነጥብ ብቻ ሆና ነበር። ሽፋሽፍቷ ግን አሁንም ነጭ ነው። ማንም አልቆረጣት፣ ማንም አላቃጠላት።

በፈረስ ጭራ ማሰር ለተንጠለጠለች ኪንታሮት ሲደረግ አይቻለሁ። የዓይን ሽፋን ላይ ግን ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ታስሮ ሲበሰብስ ይመግላል። ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳ ሲሸማቀቅ ሽፋኑን ይዞ ይጎትታል። ያን ጊዜ ደህና የነበረው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይን መፋቅ ይጀምራል። ትራኮማ በስንት ዓመት የሚያመጣውን ጣጣ በአንድ ሳምንት በገዛ እጅ ማምጣት ነው።

ከሁሉ የባሰው ቅንጭብ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ቅንጭብ አጥር ነው፤ ብዙ ደጅ አለ፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያቃጥላል። ዓይን ከገባ ጥቁሩን ክፍል የሚሸፍነውን መስተዋት ያቆስለዋል፤ የውስጡንም ክፍል ያስቆጣዋል። የቁልቋል ወተትም እንደዚሁ ነው። አንድ አባወራ አጥር ሲከረክሙ ፍንጣሪው ዓይናቸው ገብቶ መጥተው ያውቃሉ። መጀመሪያ ትንሽ ነው የቆጠቆጣቸው። ሌሊት ላይ ግን ዓይናቸውን መግለጥ አቃታቸው። በማግሥቱ ሲመጡ ብርሃን ማየት አይችሉም፤ የዓይናቸው መስተዋት ደፍርሷል። ይህ በድንገት የተፈናጠቀ ነው። ጸሐፊው የሚመክሩት ደግሞ ሆን ብሎ ከዓይን አንድ ጣት ሳይርቅ በየቀኑ መቀባት ነው። ላብ አለ፣ እንባ አለ፣ የልጅ እጅ አለ። ወተቱ ዓይን ሳይገባ አይቀርም።

ድንገት የገባበት ካለ የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ፣ ምንም ሳትጨምሩ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡት። ሩብ ሰዓት ያላነሰ እጠቡት። ከዚያ ሳይነጋ ሳይመሽ ጤና ተቋም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው አንድ ነገር አለ። ስለ ነጭ ሽፋሽፍት እየጻፉ ስለ ዓይኑ አንድ ቃል አላሉም። ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ያ ቀለም ሠሪ ሴል ቆዳና ጠጉር ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ዓይን ውስጥም አለ። ጆሮ ውስጥም አለ። የአንጎል ሽፋን ላይም አለ። መከላከያው በሁሉም ቦታ ሲነሣባቸው ቮግት ኮያናጊ ሃራዳ የሚባል በሽታ ይፈጠራል፤ ስሙ የሦስት ሐኪሞች ነው። ሰውየው መጀመሪያ ብርቱ ራስ ምታት ይይዘዋል። ጆሮው ይጮኻል። ከዚያ ሁለቱም ዓይኖቹ ይቀላሉ፤ ማየት ይደበዝዝበታል፤ ብርሃን ይወጋዋል። ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ሽፋሽፍቱ፣ ቅንድቡ፣ ቆዳው ይነጣል። ልብ በሉ፤ ሽፋሽፍቱ የሚነጣው በኋላ ነው። እኛ ሀገር ራስ ምታቱና የዓይን መቅላቱ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። ነጩ ሽፋሽፍት ሲታይ በሽታው ዓይን ውስጥ ከርሟል። በጊዜ ከተደረሰበት በስቴሮይድ መድኃኒት ይታከማል። ከዘገየ ዓይን ይጠፋል።

ሌላው ደግሞ በአንድ ዓይን ላይ በደረሰ ጉዳት ሌላኛው የሚታመምበት ነው። አንዱ ዓይን በሹል ነገር ይወጋል። ሳምንታት ወይም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆይና ደህነኛው ዓይን መቃጠል ይጀምራል። መከላከያው በተወጋው ዓይን ውስጥ ያየውን ሴል በደህነኛውም ውስጥ ያሳድደዋል። በዚህም ሽፋሽፍት ሊነጣ ይችላል። ለዓይነ ስውራን የንባብ ፊደል የሠራውን ሉዊ ብሬልን ታውቁታላችሁ። በ3 ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ሲጫወት በወስፌ አንድ ዓይኑን ወጋው። በ5 ዓመቱ ሁለቱም ጠፍተው ነበር። ዛሬ የዓይን ሐኪሞች የእሱን ታሪክ ለዚህ በሽታ ምሳሌ አድርገው ያነሣሉ። እኛ ዘንድ ወስፌ አለ፣ የግራር እሾህ አለ፣ ሲፈለጥ የሚፈናጠር እንጨት አለ። በቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ሲገምዱና ሲያጮኹ ስንቱ ዓይኑን ተመትቶ ይመጣል። ስለዚህ ሽፋሽፍቱ የነጣ ሰው ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዓይንህን ተመትተህ ታውቃለህ? ራስህን አሞህ ነበር? ጆሮህ ይጮኻል? ማየት ደክሞሃል?

ለልጅቷ ይህ ሁሉ አልነበረባትም። እንዲያም ሆኖ ወደ ባሕር ዳር ላክናት። ሐኪሙ የዓይኗን ብሌን በጠብታ ከፍቶ ውስጡን አየላት፤ ንጹሕ ነው። የቆዳ ሐኪም ምልክቶቿን አየላት፤ ፎቶ ተነሡ፤ በየጊዜው እየመጣች ትታይ ተባለ። ሕክምናዋ ይኸው ነበር። አያቷ ቀድመው ግሽ ዓባይ ጠበል ወስደዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ወስደዋታል። እኔም አልከለከልኩም። ጠበሉ ከሐኪም ቤት አይጣላም፤ እኔም ክርስቲያን ነኝ።

ስለ ለምጽ የተጻፈው ሆዴን አባብቶታል። ለምጽ አለበት የተባለ ሰው እኛ ሀገር ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ስሙ ይነሣል። ጠላ ሲቀዳለት ጣሳው ይለያል። የጽሑፉ አንባቢ የሆነች አንዲት እናት የልጇን ፎጣ ለይታ ሰቅላ ይሆናል ብዬ ሳስብ አዝናለሁ።

ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በፎጣ፣ በኩል፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ መሶብ በመብላት አይተላለፍም። ተሐዋሲ የለውም። ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ የራስ ሰውነት ጦር ነው። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ አለበት። ነጭ ቀለበት ያለው ማርያም የሳመችው ለምጽ ባለባቸው ሰዎች ላይ በዛ ብሎ ይታያል፤ ግን ቀለበቱ የወጣበት ሁሉ ለምጽ አይወጣበትም። አብዛኛው አይወጣበትም።

ስለ ኩልና ፎጣ በአንድ በኩል እውነት አላቸው። የኩል እንጨትና ፎጣ መጋራት ትራኮማንና ሌላ የዓይን ልክፍትን ያስተላልፋል። ስለዚህ አትጋሩ። ምክንያቱ ግን ለምጽ አይደለም።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን ጠቅሰዋል። እውነት ነው፤ ጠጉር ወደ ነጭ መለወጡ እዚያ ምልክት ሆኖ ተጽፏል። ግን ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ካህኑ የሚጠራጠረውን ሰው ሰባት ቀን ያቆየዋል፤ እንደገና ያየዋል። ነጩ ሰውነቱን ሁሉ ከሸፈነው ደግሞ ንጹሕ ነህ ይለዋል። በዚያው ምዕራፍ ለምጽ በልብስ ላይም ይወጣል፤ በሚቀጥለው ደግሞ በቤት ግድግዳ ላይ። እንግዲህ እዚያ ለምጽ የተባለው ዛሬ እኛ ለምጽ የምንለው አንድ በሽታ ብቻ ሊሆን አይችልም። የብዙ ነገር የጋራ ስም ነው። በአንድ ቃል ተንተርሶ የዛሬን ልጅ ከመሶብ ማራቅ ለኦሪቱም ክብር አይሆንም።

ሰው ለምጽንና ሥጋ ደዌን ስለሚያደባልቅ ልዩነቱን ልንገራችሁ። ሥጋ ደዌ ተሐዋሲ አለው፤ ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። ቅንድብንና ሽፋሽፍትን ያረግፋል እንጂ አያነጣም። የሥጋ ደዌ ነጠብጣብ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሲነካ አይሰማም። ለምጽ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ሲነካ ይሰማል። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። አዲስ አበባ የሚገኘውን አለርት ሆስፒታልን ሰው ዘነበወርቅ ብሎ ያውቀዋል፤ ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለተያያዘ ለቆዳ ሕክምና ሲላኩ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው የሚቀሩ አሉ። እዚያ የሚታየው የቆዳ በሽታ ሁሉ ነው። ከተላካችሁ ሂዱ።

«ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» የሚለው ስሕተት ነው። ያንስበታል እንጂ ይይዘዋል። ቦብ ማርሌይን የማያውቅ የለም። በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት ሜላኖማ ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ተቀበረ። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚወደው ቦታ እንዲህ ያለው ነው፤ የእግር መዳፍ፣ የእጅ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ ላይ የሚደማ ጥቁር ነገር ሲያይ እሾህ ወግቶኝ ነው ብሎ ይተወዋል። ከሸማኔ እስከ መምህር ሁላችንም እግራችንን ገልብጠን ማየት አለብን።

የልጅ ማርያም የሳመችው ነጭ ቀለበት ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ክብ ነው፣ ቀለበቱም እኩል ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። አንዱ ጎኑ ከሌላው የማይመሳሰል፣ ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ ቡናማም ጥቁርም ቀይም የተቀላቀለበት፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ የሚያሳክክ፣ የሚደማ፣ በወራት ውስጥ የሚለወጥ ከሆነ ይታይ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ድንገት ነጭ ቀለበቶች ካወጣም ይታይ። ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ዓይን ውስጥ፣ ሜላኖማ ተደብቆ መከላከያው እሱን እየተዋጋ ሊሆን ይችላል። ይህን ሰው ሐኪም ቤት አትሂድ ማለት ከባድ ኃላፊነት ነው። በቤት ተቆርጦ ከተጣለም ወደ ላቦራቶሪ የሚላክ ሥጋ አይኖርም። ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም።

ስለ መንቀል ብዙ አልልም። ወደ ውስጥ የታጠፈና ዓይን የሚነካ ሽፋሽፍት ይነቀላል ወይም ይታከማል። ወደ ውጭ ያደገ ነጭ ሽፋሽፍት ግን ምን አጠፋ? ዓይንን ከአቧራና ከዝንብ ይጠብቃል። መነቀሉ ሲደጋገም ሥሩ ይጎዳና ጨርሶ አይበቅልም።

የጠጉር ቀለም ግን አደገኛ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ጥቁር ማቅለሚያ ብዙው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለበት። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ይሸጥ ነበር። ያው ኬሚካል ነበረበት። ሴቶችን አሳወረ፤ የሞተችም አለች። የ1938ቱ የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ እንዲወጣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የራስ ጠጉር ቀለም ካርቶን ላይ ለሽፋሽፍትና ለቅንድብ አይሁን ተብሎ የሚጻፈው ያለ ነገር አይደለም። ነጩ የምታፍርበት ልጅ ካለች የራሷ የሆነ ማስካራ ይበቃታል። ባህላዊው ኩል አንዳንዱ እርሳስ የተባለው ማዕድን ስላለበት ለሕፃናት አልመክርም።

ጭንቀትና ቫይታሚን ያሉት ጨርሶ ውሸት አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ጠጉርን ያለጊዜው ሊያሸብት ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የታተመ ምርምርም ብርቱ ጭንቀት የቀለም ሴሎችን ምንጭ እንደሚያደርቅ አሳይቷል። ግን ጭንቀት አንድ የዓይን ሽፋን መርጦ፣ ከዚያም ላይ ዐሥር ሽፋሽፍት ለይቶ፣ ልክ ማርያም የሳመችው አጠገብ አያነጣም። እንዲህ በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ነጭ ሲታይ ምክንያቱ እዚያው ቦታ ይፈለጋል። ከልደት ጀምሮ ነጭ የሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ጠጉር ይዞ የተወለደ፣ ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ሕፃን ካለ ጆሮው ይመርመር። ከመስማት ችግር ጋር አብሮ የሚወረስበት ጊዜ አለ።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። በሌላው ብንከራከር ጊዜ አለን። የቅንጭቡን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡት። ካወጡ በኋላም ለላኩላቸው ሰዎች «ያን አትቀቡ» ብለው ይጻፉላቸው። ጽሑፉን ከዚህ በፊት ለዘመድ የላካችሁም እንደዚሁ አድርጉ፤ በተለይ ደጁ ቅንጭብ ላለበት፣ ፊቷ ላይ ማርያም የሳመቻት ልጅ ላለችው።